የዓወል ድስት

አጎቴ ዓወል ሸሪፍ ባንዳ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ጎረቤላ ላይ ስሙ በተነሣ ቁጥር ያቺ ቃል ከስሙ ቀድማ ትነሣለችና። ሞኝ ነበር ካላችሁኝ እሺ እላለሁ። ጉረኛም ነበር፤ «ታማኙ ዓወል» ካሉት ኩታውን አውልቆ የሚሰጥ ጉረኛ። እኔ የእህቱ የመሪማ ልጅ ነኝ። ታሪኩን ከእሱም ከእናቴም ሰምቼዋለሁ። እናቴ ስታወራው ትራገማለች፤ እሱ ሲያወራው ግን አንድ ቦታ ላይ ይደርስና ያቆማል። የት ላይ እንደሚያቆም ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው። ዓርብ ዓርብ አፋሮች በግመል ከሚያመጡት ጨው ይወስድና በበቅሎዎቹ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ አንኮበርንና ጎረቤላን አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ሲቀናው ደግሞ እስከ እነዋሪ ይዘልቃል። ሲመለስ ገብስና ስንዴ ይዞ ይወርዳል። ገንዘብ በእጁ ብዙም አያድርም ነበር። ጨዉን በዱቤ ይወስዳል፣ በዱቤም ያድላል፤ ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። የተባለው ቀን ሲደርስ የተባለው ነገር ይደርሳል፤ አበቃ።

በዚያ መንገድ አንድ ልማድ ነበር። እስላም ነጋዴ ክርስቲያን ቤት ሲያድር ከቤቱ ድስት አይበላም፤ ሥጋው አይገናኝማ። ስለዚህ ቤተኛ የሆነ ነጋዴ የራሱን ድስት ከደንበኛው ቤት ትቶ ይሄዳል። የቤቲቱ እመቤት ድስቱን በጠፍር አስራ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ልጅ አይነካውም፣ እንግዳ አይበስልበትም፤ ባለቤቱ እስኪመለስ ይጠብቀዋል። እና ድስትህ የተሰቀለበት ቤት ማለት የታመንክበት ቤት ማለት ነው። ነጋዴ አዲስ ገበያ ደርሶ ዕቃ በዱቤ ሲጠይቅ፣ ሻጩ ሌላ ነገር አይመረምረውም፤ «ድስትህ የት የት ተሰቅሏል?» ይለዋል። የታወቀ ቤት ከጠራ ይጭናል። ካልጠራ፣ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ብለው ይስቁበታል።

በዓወል ላይ ማንም ስቆ አያውቅም። ድስቱ በየቤቱ ነበረ። ከሁሉም የሚወደው ቤት ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ጎረቤላ መግቢያ ላይ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ያለው የወልደ ሰንበትና የሚስቱ የወለተሐና ቤት ነው። ወልደ ሰንበት ገብስ አራሽ ነው፤ ቀልደኛ፣ ተናግሮ የማይጠግብ። ወለተሐና የዓወልን ድስት ከመስቀሏ በፊት በአመድ ታሸዋለች፤ አቧራ እንዳይነካውም ከላዩ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ወልደ ሰንበት ታዲያ «ለእኔ እንዲህ ያለ ጨርቅ አልብሰሽኝ አታውቂም» እያለ ይነጫነጫል።

አንኮበር ያሉት ቄስ ገብረአብ እንኳ የዓወልን ድስት ከውጭ ማዕድ ቤታቸው ሰቅለውለት ነበር። ለቅዳሴው ወይን የሚሆነውን ዘቢብ ከቆላ የሚያመጣላቸው እሱ ነው፤ ከእሱ በፊትም አባቱ ነበር። የቄሱ ልጅ ዘርአ ዳዊት ድቁናውን እምቢ ብሎ ከአባቱ በተጣላ ጊዜ፣ በበቅሎው ጭኖ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ያደረሰው ዓወል ነው። ልጁ እዚያ ለአንድ ጣልያናዊ ባለሱቅ ተቀጥሮ ቋንቋውን ለመደ። ያን ጊዜ ማን ምን ያውቃል? ቋንቋ ማወቅ ደግ ነገር ነው ተባለ።

ከዚያ ጣልያን ገባ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰፈረ፣ አንኮበር ላይ ምሽግ ሠራ፣ በመካከሉ ለመኪና የሚሆን መንገድ ጠረገ። ዓወል በጎረቤላ ዳገት ላይ ከበቅሎዎቹ ጋር እያለከለከ ሳለ አንድ ካሚዮን አለፈው። የእሱን በቅሎዎች ሁሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ፣ አቧራውን አልብሶት ሄደ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጨው ረክሶ ጠበቀው። በቀጣዩ ገበያም እንዲሁ ሆነ። ዓወል ቤቱ ገብቶ ለእናቴ፣ «መሪማ፣ በቅሎ አበቃለት። ካሚዮን ካልገዛሁ እኔም አብሬ አበቃልኝ» አላት።

እናቴ ሳቀችበት። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ካሚዮን የሚሸጥ አንድ ጣልያን ነበር፤ ቀብድ ይዘህ ና፣ ቀሪውን እየሠራህ ትከፍላለህ ይላል። ዓወል ሄደ። ጣልያኑ ባንክ ታውቃለህ ወይ አለው፤ አያውቅም። የቆርቆሮ ቤት አለህ ወይ አለው፤ የለውም። ከዚህ በፊት ከማን ተበድረህ ከፍለሃል አለው። ዓወል ዕድሜውን ሙሉ ሲበደርና ሲከፍል የኖረ ሰው ነው፤ ግን ያበደሩት ሰዎች በዚያ ቢሮ የሚታወቁ አልነበሩም። ጣልያኑ ትከሻውን ነቅንቆ በሩን አሳየው። በአልዩ አምባ ገበያ አሸዋ ይዞ ጨው ነው ቢል የሚያምኑት ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም የለህም ተባለ። ይህ ነው ያንገበገበው። ካሚዮኑን ቢነፈግ ይችለው ነበር፤ ስሙን መነፈጉን ግን አልቻለም።

ሲወጣ በር ላይ ዘርአ ዳዊትን አገኘው። ካኪ ለብሷል፣ ጫማ ተጫምቷል፤ የጣልያን አስተርጓሚ ሆኗል።

«ጋሼ ዓወል! ለእኔ ሳይነግሩኝ እዚህ ድረስ?»

«አንተማ ትልቅ ሰው ሆነህ።»

«በማን በቅሎ አዋሽ ወረድኩና! ነገ ይምጡ፤ ዋስዎ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን በፊት እርስዎ ብሎት አያውቅም። ዓወል ግን ደስ አለው። ሰው ሲያከብረው ደስ ይለዋል፤ እንዲህ ነበር የተፈጠረው።

በማግስቱ በዚያ ቢሮ ሁለት ጣልያኖች ጠበቁት። አንደኛው ሻጩ ነው። ሁለተኛው ወታደር ነው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል፣ ስለ ካሚዮን አንድም ነገር አልጠየቀም። ዘርአ ዳዊት በመካከል ቆመ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ይኸ ሰውዬ ማን ያምንሃል ነው የሚለው። ድስትዎ የተሰቀለበትን ቤት ይጥሩለት። እኔ በጣልያንኛ አሳምሬ እነግረዋለሁ።»

ዓወል ጉሮሮውን ጠረገ። ይህንንማ ያውቅበታል! ከላይ ወደ ታች፣ ከጎረቤላ መግቢያ ጀምሮ እስከ አንኮበር፣ ቤት በቤት ጠራ። የወልደ ሰንበትን ጠራ፣ የሌሎቹንም ጠራ። ዘርአ ዳዊት እየሳቀ ይጠይቀዋል፤ ቤቱ ከመንገድ በላይ ነው በታች? ጨው ሲያወርዱላቸው ብዙ ነው ጥቂት? እርስዎ በሌሉ ጊዜ እንግዳ ይቀበላሉ? ዓወልም በተጠየቀ ቁጥር የበለጠ ያበዛ ነበር። ቤቱ በበዛና ወሬው በጠለቀ ቁጥር ስሙ የሚገዝፍ መሰለው። በመጨረሻም ደረቱን ነፍቶ፣ «አንኮበር ላይ ደግሞ የአንተው አባት የቄስ ገብረአብ ቤት አለ። ቄስ ያመነኝ እስላም ነኝ በለው!» አለ። ዘርአ ዳዊት ወደ ጣልያኖቹ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ዓወል አባቱን የሚያሞግስ መሰለው።

በእነዚያ ቤቶች በኩል ጨው ጫካ ለገቡት አርበኞች ይደርስ እንደነበር ዓወል ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ ነበር። ወልደ ሰንበት ሲያከፋፍል አይቷል፤ አልጠየቀም፣ አልከለከለም። እናቴ «ታዲያ እያወቅህ!» ብላ ስትጮህበት የሚመልስላት አንድ ነገር ነበር፤ «ስለ ጫካ ማን አወራ? እኔ ያወራሁት ስለ ድስት ነው።» ደግሞስ የሚያወራው ለማን ነው? ለአገሩ ልጅ፣ ለቄሱ ልጅ፣ በራሱ በቅሎ ላይ ላስቀመጠው ልጅ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ዓወል ይህን ተረት ለሌላ ሰው ሲተርት ኖሯል።

ካሚዮኑ ተሰጠው። በቅሎዎቹን ሸጦ ቀብዱን ከፈለ፤ እናቴ በቅሎዎቹ ሲነዱ እንደ ሰው አለቀሰችላቸው። እሱ ግን የአሥመራ ሰው የሆነ ሹፌር ቀጥሮ፣ ከጎኑ ተቀምጦ፣ በቀጥታ ወደ ጎረቤላ መጣ። ሰው ሁሉ ወጣ። ወልደ ሰንበት ካሚዮኑን ዞረው፣ ጎማውን በዱላው መታ መታ አደረገ።

«ሣር ስንት ሸክም ትበላለች?»

«ሣር አትበላም አንተ!»

«ካልበላች ታመመች ማለት ነው። ለመሆኑ እኔን መቼ ነው የምታሳፍረኝ?»

«የመጀመሪያው ተሳፋሪ አንተ ነህ።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ!» አለ ዓወል። «ከአንተ በፊት ማንም አይሳፈርባትም።»

ወለተሐና ለዚያ ቀን ድስቱን አወረደች፤ ዓወል ራሱ ባረደው ዶሮ ወጥ ተሠራበት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ «ያን ቀን ጠግቦ ነበር» ትላለች፤ ስለ ምግቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በውላቸው መሠረት የመጀመሪያው ጭነት የመንግሥት ነው ተባለ። ዓወል ገብስ መሰለው። ደብረ ብርሃን በተመለሰ ማግስት ጠዋት ዘርአ ዳዊት አስካሪ ከሚባሉት የጣልያን ቅጥር ወታደሮች ጋር መጣ። አስካሪዎቹ ከኋላ ወጡ፤ እሱ ከፊት፣ ከዓወል ጎን ተቀመጠ። «ከጎረቤላ ነው የምንጭነው» አለ። ጎረቤላ መግቢያ ሲደርሱ «አቁም» አለና ወረደ። ከመንገዱ በታች ያለው የወልደ ሰንበት ቤት ከተቀመጡበት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እትዬ ወለተሐና!» ብሎ ተጣራ ዘርአ ዳዊት። «የዓወል ድስት እዚህ ቤት ነው?»

እሷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ካሚዮኑን አየች፣ ዓወልንም አየችው። ፊቷ በራ።

«አዎ፣ እዚህ ነው! መጣ እንዴ? ግቡ እንጂ፣ ግቡ!»

ገቡ። አስካሪዎቹ ናቸው የገቡት። የጨው ከረጢቶቹን እያወጡ ግቢው ላይ ደፏቸው፤ ወልደ ሰንበትን እጁን የፊጥኝ አስረው አወጡት። ዓወል ከካሚዮኑ ሊወርድ በሩን ሲከፍት አንዱ አስካሪ በጠመንጃው ሰደፍ መልሶ ዘጋበት። «ዘርአ ዳዊት! አንተ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። ዘርአ ዳዊት አልዞረም። ወልደ ሰንበትን እየገፉ ሲያመጡት፣ በዓወል መስኮት በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። አልተሳደበም፣ አልተቆጣም።

«ወላሂ ብለህ ነበር» አለው። «ቃልህን ጠበቅህ።»

አጎቴ ታሪኩን ሲያወራ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ቀሪውን የምነግራችሁ ከእናቴ የሰማሁትን ነው፤ ለእሷ አንድ ጊዜ ብቻ ጨርሶ ነግሯታል።

ካሚዮኑ ቁልቁል ቀጠለ። የቆመበት ቤት ሁሉ ዓወል የጠራው ቤት ነበር፤ በጠራበት ተራ። በየበሩ ያው ጥያቄ፦ የዓወል ድስት እዚህ ነው? በየቤቱ ያው መልስ፦ አዎ፣ ግቡ። ከኋላ የሰው ቁጥር እየጨመረ፣ የሴት ለቅሶ ከመንገዱ ላይ እየተከተላቸው ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። የቀረ አንድ ቤት ነበር። አንኮበር ሲገቡ የቄስ ገብረአብ አጥር ታየ። ዓወል ዓይኑን ጨፈነ። «እሳቸውንስ አልችልም» አለ በልቡ። ካሚዮኑ ግን አልቆመም። ዓይኑን ሲገልጥ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ፤ ዘርአ ዳዊት ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ተቀምጧል። ያኔ ገባው። ያን ቀን በቢሮው ውስጥ ያን ያህል የረዘመው ንግግር፣ የአባቱ ቤት ብቻ የጎደለበት ነበር።

ካሚዮኑ ከአንኮበር ዞሮ ደብረ ብርሃን ሲመለስ ዓወል ወርዶ በእግሩ ሄደ። ማንም «ወዴት?» አላለውም። የሚፈልጉትን ወስደዋል። ካሚዮኑም፣ የበቅሎዎቹ ዋጋም እዚያው ቀሩ። ከታሰሩት አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ተመለሱ። ወልደ ሰንበት አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ዓወል በሁለተኛው ቀን አንኮበር ቄሱ ዘንድ ደረሰ። ቄስ ገብረአብ ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አገኛቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት ከሰላምታ በፊት። «የእኔንም ስም ጠርተህ ነበር?»

«ከሁሉ በላይ አድርጌ ጠርቼዎት ነበር፣ አባ።»

«አባቱን አውጥቶ…» አሉ ቄሱ።

«እርስዎን አውጥቶ እኛን ከተተን። አባ፣ እኔ ወዳጆቼን አልሸጥኩም። ቀን ሲመጣ ይህን ይመሰክሩልኛል? ሌላ ሰው የለኝም።»

«በማገለግለው ታቦት» አሉ ቄሱ፣ «እመሰክርልሃለሁ።»

ዓወል በዚህ ቃል ነው የኖረው። በአልዩ አምባ ሰው ሲሸሸው፣ አፋሮቹ ጨው በዱቤ ሲከለክሉት፣ የሰው በቅሎ እየነዳ ቀን ሲገፋ፣ እናቴን «ቆይ መሪማ፣ ቄሱ አሉልኝ» ይላት ነበር። አንድ ሰው ካመነህ ስምህ አልሞተም፤ እንዲህ ነበር የሚያስበው።

ጣልያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዘርአ ዳዊት ጠመንጃ ይዞ ከድቶ ጫካ ገባ። ነፃነት ሲሆን ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ዝናር ታጥቆ ከአርበኞች ጋር ተመለሰ። ሰው እልል አለለት። እኔን ከሁሉ የሚያሳርረኝ ይህ እልልታ ነው፤ ይቅር በሉኝ፣ ዛሬም ያሳርረኛል። ዓወል ግን ቀኔ መጣ ብሎ ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አለ። ጎረቤላ ላይ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። የተመለሱት እስረኞች መጡ፤ ወለተሐናም በጥቁር ልብሷ መጣች። ዓወል አንድ ሳይደብቅ ተናገረ፤ መጎረሩንም ጭምር።

ዘርአ ዳዊት አልተቆጣም። «እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ» አለ ረጋ ብሎ። «አፉ ያለውን ነው የተናገርኩት። ቤቶቹን የጠራ እሱ፣ ካሚዮኑን የወሰደ እሱ። እኔ ምን ወሰድኩ?»

«ሁሉንም ተናገርክ?» አለ ዓወል። «የአባትህን ቤት የት አደረስከው? ቄሱ ይምጡ! እሳቸው ይፍረዱን!»

ቄስ ገብረአብ ተጠሩ። አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ደግፎ አመጣቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አባ፣ ዓወል የእርስዎንም ስም ጠርቼ ነበር፣ ልጅዎ ነው ያስቀረው ይላል። የሚያውቁት አለ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ልጃቸውን አዩት፤ ጠመንጃውን፣ ጎፈሬውን፣ በዙሪያው የቆመውን ሰው አዩ። ከዚያ ወደ ዓወል ዞሩ፤ ዓይኑን ግን አላዩትም።

«እኔ እዚያ ክፍል አልነበርኩም» አሉ። «ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ውሸት አልተናገሩም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያልማረቻቸው ለዚህ ነው፤ ቢዋሹ ኖሮ ቄስም ሰው ነው ትል ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና፣ ነገሩ ለእግዜር ይቆይ ብለው ተነሡ። ዓወልን የከሰሰው የለ፣ ነፃ ነህ ያለውም የለ። ከወይራው ሥር ብቻውን ቀረ።

ወለተሐና ሰዉ ከመበተኑ በፊት ወደ ቤቷ ወርዳ ነበር። ስትመለስ የዓወልን ድስት በሁለት እጇ ይዛለች። አልሰበረችውም፣ ለማንም አልሰጠችውም፤ ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳዋ ላይ ነበር። በአመድ አሽታዋለች፤ ጨርቁ ግን አልነበረም።

«ዕቃህን ውሰድ፣ ዓወል» አለችው።

«እትዬ ወለተሐና፣ እኔ እኮ…»

«የሆነውን አላውቅም። አንተም ተበድለህ ይሆናል። እኔ የማውቀው፣ የዓወል ድስት እዚህ ነው ወይ ሲሉኝ፣ አዎ ግቡ ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው።»

ድስቱን በእጁ አስያዘችውና ሄደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከየቤቱ ድስቶቹ ወደ አልዩ አምባ መጡለት፤ አንዱ በልጅ እጅ፣ ሌላው በራችን ላይ ተቀምጦ። የቄሱ ሳይቀር መጣ። ሽማግሌ በተቀመጠበት በዚያ ቀን ግን በመንገዱ ሁሉ የሚያድርበት ቤት ስላልነበረው ሳያርፍ ቁልቁለቱን ወርዶ አልዩ አምባ ገባ። እናቴ የወለተሐናን ድስት ተቀብላ ግድግዳችን ላይ ልትሰቅለው ስትል እጇን ያዛት።

«መሬት ላይ አድርጊው» አላት። «የሚሰቀለው በሰው ቤት ነው።»